የ«መ» ናሙና

ሐይፋ፣ ከወደቡ ማዶ፣ ከማጣሪያው ጥግ፣
አራት ጠርሙስ ዘይት ደረደርኩ በወግ።
ስማቸው ተላጠ፣ ዋጋቸው ተፋቀ፣
ወርቃማው ክዳንም ከአንገታቸው ወለቀ፤
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ በፊደል ጠራኋቸው፣
ዓይኔ እንዳያደላ ለጌጥ ለስማቸው።

ሦስቱ አዲስ ናቸው፣ እስካፋቸው የሞሉ፣
«ሰው ሠራሽ ነን፣ ሺህ መንገድ አንዝልም» የሚሉ።
አራተኛው አሮጌ፣ እንደ ሬት የጠቆረ፣
ከአባቴ የዕቃ መኪና ትናንት የተቀዳ ነበረ፤
ለማነጻጸሪያ ብዬ ነው ያመጣሁት፣
የሠራ ዘይት ጠባይ ከአዲሱ እንዲታይበት።

መጀመሪያ ውፍረት። በአርባ ዲግሪ ሙቀት፣
በቀጭኑ የመስታወት አንገት ስንት ሰከንድ ፈጀበት?
ከዚያ በመቶ ዲግሪ። ሰዓቴን ጨብጬ፣
እንደ ዳኛ ቆምኩኝ ትንፋሼን ውጬ።
ቀጥሎ ብርድ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት፣
የሄርሞን ጫፍ እንኳ የማያውቀው ክረምት።
«ሀ» ፈሰሰ። «ለ»ም። «ሐ» ግን እንደ ቅቤ ረግቶ፣
ጠርሙሱን ባዘነብለው ቀረ ተኮራምቶ።

አራት የብረት ኳሶች አንድ ሰዓት ተፋጩ፣
በየዘይቱ ውስጥ እየጮሁ፣ እያፏጩ፤
ጠባሳቸውን ለካሁ በአጉሊ መነጽር፣
ልዩነቱ ኢምንት፣ ከፀጉር የሚያንስ ነገር።
አለቃዬ ቫለሪ በበሩ ብቅ አለና፣
«ማን አሸነፈ?» አለኝ፣ «ደንበኛው ቸኩሏልና።»
«ገና ነው» አልኩት። «ሀ»ና «ለ» እኩል ናቸው፣
ውዱንና ርካሹን የስሕተት ወሰን አቅፏቸው።

የ«መ» ተራ ደረሰ። ብረቱ ትንሽ ነው፣ ጤነኛ።
መዳቡም። ሞተሩ አልታመመም፣ አልሆነም ቁስለኛ።
አቧራ ግን የለም፤ የአሸዋ ምልክት፣
ዘይቱ አያውቀውም የኔጌቭን መሬት።
አባቴ ማለዳ «ወደ ቤርሼባ ነኝ» ብሎ ይወጣል፣
ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ማታ ይመለሳል።
ይላል እንጂ።
ቤንዚን ሰርጎ ገብቶ ዘይቱን አቅጥኖታል፣
ውሃም ከክዳኑ ሥር እንደ አይብ ተጋግሯል።
እንዲህ ያለው ዘይት ሩቅ የሄደ አይደለም፤
ሞተሩ ቆሞ አጓራ እንጂ የትም አልሄደም።

የት ቆሞ? ከባሕሩ ዳር? ከገበያው ጓሮ?
ምሳውን በጉልበቱ አቅፎ፣ ፊቱን ከሰው አዙሮ?
ከዳስ በዓል ወዲህ? ወይስ ከዚያ በፊት?
ይህን አይመሰክርም፣ እዚህ ያበቃል ዘይት።

በሠንጠረዡ ጫፍ «ዋጋው» የሚል ዐምድ አለ፤
የሦስቱን በሼክል ሞላሁ፣ የ«መ» ባዶ ዋለ።
ዋጋው የአባቴ ስም ነው።

ቫለሪ የሦስቱን ወሰደ፣ ፈረመበት በችኮላ፤
አራተኛው ገጽ ታጥፎ ጋዋኔ ኪስ ገባ፣ ከብዕሮቹ ኋላ።

ማታ ከተረፈው «ለ» አራት ሊትር ይዤ፣
ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋደምኩ፣ ቡሎኑን ጠምዝዤ።
እሱ ባትሪ ያበራልኛል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም፤
ያየሁትን አላየም፣ እኔም አልነግረውም።
«ቤርሼባ እንዴት ዋለች?» አልኩት፣ ጥቁሩ እየተንጠፈጠፈ።
«አቧራ ነው፣ አቧራ» አለኝ፣
ንጹሕ እጅጌውን እያራገፈ።