ማሬ

ሉባባ አባ ሚልኪ ቀን የመንግሥት ነበረች፣
ጤና ጥበቃ ቢሮ ወባ ስትተይብ ኖረች፤
ስንት አጎበር ታደለ፣ ስንት ሰው ተንቀጠቀጠ፣
ስንቱ ኪኒን ዋጠ፣ ስንቱ ሳይውጥ አመለጠ።
ማታ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ሲያንኳኳ
«አንድ ገጽ ቀረኝ» ትላለች። ያ ገጽ አላለቀም ለካ፣
ሃያ ዓመት ፈጀ።

በተበላሸ ስቴንስል፣ በሪፖርቱ ጀርባ፣
ውሃ የሚፈራ ጉማሬ ቢሮው ውስጥ ገባ፤
ከቦዬ ረግረግ ተነስቶ ጭቃውን ይዞ መጣ፣
እናቱ «ግባ» ስትለው፣ «ይበርዳል» ብሎ የወጣ።

ግን የጽሕፈት መኪናዋ የ«ገ» ቁልፏ ተሰብሮ፣
«በጀት ሲለቀቅ» ተብሎ፣ ጥያቄው ፋይል ውስጥ ተቀብሮ፣
እግሩ «እ ር» ሆነ፤ ገደሉም «ደል» ብቻ፤
ጉማሬ፣ «ጉ»ን ተነጥቆ፣ «ማሬ» ሆነ በመጨረሻ።

ሐሙስ ሐሙስ ሄርማታ፣ አባቴ በርጩማ ሲሸጥ፣
ከእንጨቱ ፍቅፋቂ መሐል ቆማ ታድለን ነበር።
ዋጋው ሳንቲም አይደለም፦
«እስክሪብቶ ያለው ይምጣ፤ ባዶውን የሚሞላ።»
ሞላን። ሰማያዊ ጉ፣ ቀይ ግ፣ አንዳንዱ ጎ ተንጋዶ፤
እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፣ ከዚያ ባዶ።
ሸምሲያ ብቻ እምቢ አለች። «ማሬ ይበቃዋል» አለች፤
ማር ቆራጭ ነው አባቷ፤ ቃሉን እንደ ቤቷ ታውቃለች።
በሚቀጥለው ሐሙስ
ሉባባ ክፍተቱን ዘጋች።

አንዴ አዲስ አበባ ላከችው፣ ለአንድ አሳታሚ።
«ጥሩ ነው፤ ግን ምክሩ የታል? እንደፈራ ቀረ እኮ!»
ብሎ መለሰላት።
«እኔም ጠይቄው ነበር» አለችን። «ዝም አለኝ።»

ባለፈው ክረምት ቤቷ ሄድኩ፣ ኮቺ ሰፈር፣
በርጩማዋን ልጠግን፤ አንድ እግሩ ላልቶ ነበር።
የጡረታ ደብተሯን አወጣች። «የሥራ መደብ፦ ታይፒስት» ይላል።
ከጎኑ ጣት የሚያህል ነጭ ቦታ ተርፏል።
ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አወረድኩ፣ «ደራሲ» ልል።
እጄን ያዘች።
«የመንግሥት ወረቀት ነው» አለች፣ «እንዳታበላሽ!»
ስቴንስሉን፣ ቀለሙን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ
በጉያዋ ይዛ የወጣች ሴትዮ።
ማሬ የተወለደበት ወረቀት
የማን ነበር ታዲያ?