ማነህ ባይ

ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ፣ ሽንብጥ፣ ሐይቁ ዳር፣
ሰርቨሩ ያንጎራጉራል፤ ሲያንጎራጉር ነው የሚያድር።
ሁለት ሰዎች አለን፣ ሌሊቱን ጠባቂ፦
ደጅ ላይ ጋሽ እንየው፣ ባትሪና ዱላ ታጣቂ፣
ውስጥ ደግሞ እኔ፣ ሎግ አንባቢ፣ ስም ጠያቂ።

የሱ በር ዝም ነው። ቢበዛ ሰካራም፣
ወይም ሣር ፍለጋ ከውሃ የወጣ ጉማሬ፤
«ማነህ?» ይለዋል ጉማሬውን፣ አያፍርም፣ አይፈራም።
የኔ በር ግን ይመታል፣ ከትናንት እስከ ዛሬ፣
በየሁለት ሰከንዱ፣ ምቱ ሳይዛነፍ፣
አንድም ሳያስነጥስ፣ አንድም ሳያርፍ።

ማነህ?
«ሩት ነኝ።»
የይለፍ ቃል?
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።»
አይደለም።
ማነህ?
«አድሚን ነኝ።»
ቃል?
«አድሚን።»
አይደለም።
«ሩት ነኝ» ይላል እንደገና፣ ካልታወቀ አገር፣
አድራሻ ቀይሮ፣ እንደ ሰው ካፖርት ሲቀይር።

ጋሽ እንየው ብርዱን ሽሽት ገባ፤ ነገርኩት፦
«ሩት የምትባል ዘጠኝ ሺህ ጊዜ አንኳኳች፤ አልከፈትኩላት።»
ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ተቆጣኝ፦
«ሴት ልጅ በዚህ ሌሊት? ጅብ ይብላት ነው የምትይኝ?»
«ሰው አይደለችም፤ ማሽን ናት፣ እናም እጅ የላት፣
እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ታገሺ ብለው ነው የላኳት።
ደግሞ ቃርሚያ አይደለም ያመጣት፤
ክምሩን ነው፣ የበሽተኛውን ሁሉ ስም፣ እስከነጥራቱ።»

አገጩን አሻሸና፦ «እንደ እምቦጩ በያት፤
ከዚህ ስንነቅላት፣ ከወዲያ አገኘናት።»
እውነቱን ነው። አምና በዘመቻ ወጥተን፣
እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ ስንጎትት ውለን፣
በነጋታው ነፋሱ ከደንቢያ በኩል
እጥፉን አመጣው፣ ሐምራዊ አበባውን አስጊጦ፣ እንደ ሙሽራ።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፦
ሩት የሚባል ስም በዚህ ደጅ አይገባም።
ሌላውም ቢሆን፣ ሦስት ጊዜ ለሳተበት፣
በሩ ግድግዳ ይሁንበት።
ግድግዳው ቆመ። እኔም ኮራሁ።
ከውጭ የሚሰማኝ ሐይቁ ብቻ ነበር፣ ድንጋዩን ሲልስ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የታገዱትን ስቆጥር፣
ከቁጥሩ መሐል አንድ ስም ብቅ አለ፣ የአገር፦
ጥሩዬ።
ከደቅ ደሴት፣ ከጤና ኬላው፣ ሦስቴ ስታ፣
በኔው ሕግ፣ በኔው እጅ፣ ደጅ ላይ ተዘግታ።

ምን እንደጻፈች ሎጉ አይናገርም፤ ሰዓቱን ብቻ ነው።
ሰዓቱ ግን የሰው ነው።
መጀመሪያ፣ በጥድፊያ።
ከዚያ አርባ ሰከንድ፦ ምናልባት እጇን ጠረገች፣
ምናልባት የሆነ ሰው ጠራት፣ ዞር አለች።
ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ሁለት ደቂቃ!
ማሽን እንዲህ አያመነታም።
ከዚያ አንዴ።
ከዚያ የኔ ግድግዳ።

ደወልኩ። ትንፋሿ ከድምጿ ቀድሞ መጣ፦
«ቃሉን ባለፈው ወር ቀይረሽዋል፤ እኔ የድሮው ነው ያፌ ላይ የሚመጣ።
ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ እየደማች፤
የደም ዓይነቷ እናንተ ጋ ነው። ጀልባው ሳይነሣ...»
ከፈትኩላት።
ኦ ኔጌቲቭ።
ባንኩን ቀስቅሺ አለችኝና ስልኩን ሳትዘጋው ሮጠች፤
ሞተሩ ሲነሣ በጆሮዬ ሰማሁ፣ ከውሃው ማዶ።

ሲነጋጋ ቁልፍ ቀረጽኩላት፣
ከአፍ የማይወጣ፣ የማይረሳ፣ ወር ቢቀየር የማይቀየር፣
የሷ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚያድር።
ግድግዳውን አላፈረስኩም። ግን ስልክ ቁጥሬን
ደጁ ላይ ጻፍኩ፣ በትልቁ፣ በአማርኛ።

ጋሽ እንየው ዱላውን ሊወስድ ጎንበስ አለ፦
«ያቺ ሩትስ?»
«እያንኳኳች ነው።»
መስኮቱን አየ፣ ውሃው ነጭ እየሆነ ነበር።
«ጉማሬ እንኳ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይገባል» አለ።
«እናት የላትም እንዴ?»