ሩብ ሰዓት

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
ታክሲዬን በኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ስልክ የሰካሁበት
ግድግዳ ሥር ተቀምጬ፣ የመጨረሻውን ሰው ለቅቄ፣
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣ ስልኬን በብብቴ አሙቄ፣
ቤት ገብቼ እንዳላየው የሚስቴን ዓይን ፈርቼ፣
ደወሉን እጠብቃለሁ፣ አንገቴን ኮት ውስጥ ከትቼ።

ሁለት ሰዓት ተኩል። ገበያው በሩን በረገደ፤
ቀይና አረንጓዴ ሻማ እየተጋፋ ነጎደ።
ማን ገፋው? ማን ጎተተው? ማን አተረፈ? ማን ከሰረ?
ሌሊት ሲብሰለሰል ያደረ ትእዛዝ ሁሉ ባንዴ ጮኸ፣ ሰከረ።
እኔ ግን እጄን አጣጥፌ፣
መሪው ላይ ተደግፌ፣
ሩብ ሰዓት ዝም።

ከዚያ ሁለት መስመር፦
ከታየው ዋጋ ሁሉ ከፍ ያለው ላይ አንድ፣
ዝቅ ያለው ላይ አንድ።
ከላይ ጉበን፣ ከታች ደፍ።

ይህን ያስተማረኝ ቦህዳን ነው፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣
ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ኩላሊቱን ወደሚያጥቡለት የምወስደው፤
ድሮ በስንዴ ገበያ ቆሞ ዋጋ ሲጮህ የኖረ፣
ጉሮሮው እስከ ዛሬ በጆንያ እንደታሸ የሻከረ።
«ደወል ሲደወል» አለኝ፣ «መጀመሪያ የሚጮኸው
የፈራው ነው፣ የቋመጠው ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ነው።
ያ እስኪወጣለት ዝም በል። ከዚያ ጣራቸውን ለካ፣ ወለላቸውን ለካ፤
መሃል ያለው የሰው ጠብ ነው፤ አትግባ፣ እጅህም አይንካ።
ጉበኑን አልፎ ሲወጣ፣ ደጅም ሲቆም ቀጥ ብሎ፣
ያኔ ተከተለው።»

ሰማሁት። መስማትና መታዘዝ ግን
ጎረቤት ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም።

የዛሬ ሳምንት ጉበኑን ዘለለ፤
አንድ ሻማ፣ ረጅም፣ አረንጓዴ፣ ዓይን የሚያታልል፣ የተንቀለቀለ።
ልቤ «አመለጠህ! ግባ!» ሲል
እጄ ቀድሞት ገብቷል።
ሻማው እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቅሁት፤
ሚስቴ ለልጁ የበረዶ ጫማ ያስቀመጠችውን ጭምር ጫንኩበት።
ሦስት ደቂቃ ነገሥሁ።
በአራተኛው ዋጋው፣ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው፣ ዞር አለ፤
ጎንበስ ብሎ ጉበኑን አልፎ ወደ ቤቱ ገባ፤
እኔን ደጅ፣ ብርድ ላይ ትቶኝ።
መውጫዬን አስምሬ ነበር፤ «ትንሽ ልየው» ብዬ ሰረዝኩት፤
«ይመለሳል» የምትል ቃል ስንት ጎጆ እንዳፈረሰች ያን ዕለት አወቅሁት።
ሁለት መቶ አርባ ዶላር። አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ፣ ሁለት ሌሊት።

ለቦህዳን ነገርኩት። በመስታወቱ አየኝ፣ ከኋላው ወንበር፤
ይስቃል ስል «እኔ» አለ፣ «ባንድ ጠዋት… የአባቴ እርሻ ነበር…»
አልጨረሰውም። እስከ ክሊኒኩ ድረስ በረዶ ብቻ ነበር።

ዛሬ ዋጋው በሁለቱ መስመር መሃል ይንጎራደዳል፤
ወደ ጉበኑ ተንጠራርቶ፣ በጣቱ ጫፍ ነክቶ ይወርዳል፤
ደፉ ላይ ደርሶ ያሸታል፣ ውጪውን አይቶ እንደ ድመት ያመነታል።
ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት። የሻማው ቁመት አጠረ፤
ገበያው ራሱ ማዛጋት ጀመረ።
ጣቴን በላኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለ?
እኔ አፍስሼ ያልለቀምኩት አለ።

አልገባሁም።
ማንም አላጨበጨበም። ያልከሰሩት ገንዘብ
ኪስ ውስጥ አይንኳኳም፣ ለማንም አይታይ።

ሚስቴ በር ላይ፦ «ዛሬስ ምን ዋልክ?» አለች።
«ምንም።»
ፊቴን አየች፤ ደግማ አየች፤
እንዲህ ደስ ብሎት «ምንም» የሚል ሰው
ከየት እንደመጣ ግራ ገብቷት ሾርባ ቀዳች።

ነገ ሐሙስ ነው። ቦህዳን ኮቱን ደርቦ በአንድ ሰዓት ይጠብቀኛል።
ለእሱም «ምንም» እለዋለሁ።
እሱ ይገባዋል።