የሰያፉ ርዝመት

ሠላሳ አንድ ዓመት ቲኬት ቆረጥሁበት፤
ከወደቡ በላይ፣ ከጉብታው ሥር፣ በዚች ጠባብ ቤት።
አንዱ ፉርጎ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤
አንድ የሽቦ ገመድ ሁለቱን ይዟቸዋል።
ቫልፓራይሶ ከታች መርከብ ትቆጥራለች፣
እኔ ሳንቲም።
ሐዲዱን ግን ስንት ትረዝማለህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ማክሰኞና ዓርብ ሊሳንድሮ ይመጣል፤
የማታ መምህር ነው፣ ዕድሜው ከልጄ ያንሳል፣
ኤርሜሊንዳ ሲለኝ «ወይዘሮ»ን ይረሳል።
ፈተናው ኅዳር ላይ ነው።
«ኤክስ ማለት» አለ፣ «ስሙን ያልነገረሽ አንድ ተሳፋሪ፤
ዝም ብለሽ አሳፍሪው፣ አትፍሪ።»

በቲኬት ቤቷ በር ላይ ሁለት ፉርጎ ሳለ፤
በግራው ሦስት ጆንያ ድንች፣ ሃያ ኪሎ ሕፃን አለ፤
በቀኙ አንድ ጆንያ፣ ሥጋ ሻጩም ዶን አኒባል፣
መቶ ሃያ ኪሎው፣ ተጭኗል።
ሁለቱ ግን እኩል ቆመዋል።

ሕፃኑን አወረድሁት፤ ቀኙ ወደ ታች ነጎደ።
ሊሳንድሮ ዝም፤ ጠመኔው ብቻ ከእጁ ወደ እጁ ሄደ።
ገባኝ። ከዶን አኒባልም ሃያ ኪሎ ቀነስሁ
(ሚስቱ ብታይ እጄን ትስም ነበር)።
አንድ ጆንያ ከዚህ፣ አንድ ጆንያ ከዚያ አነሣሁ፤
በግራ ሁለት ጆንያ፣
በቀኝ የከሳው ሰውዬ፣ መቶ ሆኖ።
ለሁለት ሲካፈል ኤክስ ሃምሳ ኪሎ፤
«ስሙን ተናገረ!» አልሁ፣ ደረቴ ቀልሎ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከአንድ ወገን ብቻ እየወሰድሁ ኖሬ
ፉርጎው ለምን ወረደ ስል ነበር እስከ ዛሬ።

ዓርብ ሦስት ማዕዘን ሆነ።
አግድሙ አርባ ስምንት ሜትር፣ ከፍታው ሃያ፤
ቀጤ ማዕዘኑ ከዓለቱ ሆድ ውስጥ ነው፣
ማንም ቆሞበት አያውቅም።
«ሐዲዱስ?» ቢለኝ ደመርሁ ወዲያው፦
ስልሳ ስምንት።
አልሳቀብኝም።
«እሱ» አለ፣ «እስከ ማዕዘኑ ሄዶ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ለሚወጣ ነው፤
ሰያፍ አቋራጭ ነው።»
እውነቱን ነው። ልዩነቱን ጉልበቴ ያውቀዋል።

እያንዳንዱን ጎን በራሱ አባዛሁ፤
ሃያ በሃያ፣ አራት መቶ ያዝሁ፤
አርባ ስምንት በአርባ ስምንት፣ እዚህ ላይ ሁለቴ ሰረዝሁ፣
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አራት።
ድምሩ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አራት።
ታዲያ ማን ነው በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሆነው?
ሃምሳን ሞከርሁ፣ አነሰ፤ ሃምሳ ሦስት፣ አለፈ፤
ሃምሳ ሁለት ስል እርሳሴ ዐረፈ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጭጋጉ ከባሕሩ ሳይነሣ፣
የጥገናው ሩፊኖ የሜትሩን ጫፍ ይዞልኝ
ዝገቱን እየረገጥሁ ሐዲዱን ለካሁ፦
ሃምሳ ሁለት ሜትር።
ከአንድ ስንዝር።
«ተሳስተሻል» አለ ሩፊኖ።
አልተሳሳትሁም።
ማክሰኞ ስንዝሯን ለሊሳንድሮ አቀርባለሁ፤
«ይህቺስ ከየትኛው ጎን መጣች?» እለዋለሁ።
እስከዚያው ደብተሬ ላይ
ኤክስ ብያታለሁ።