ሰባት ጊዜ ስምንት

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ዐርብ ማታ ከሆቴል ሥራዬ ስወጣ፣
ከአንሶላው ክምር፣ ከእርጥብ ፎጣው ጣጣ፣
የኢዮጴን ባሕር እያሸተትሁ አቀበቱን እወጣለሁ፤
የዛገውን በር በትከሻዬ ገፍቼ እከፍታለሁ።
እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤
ቅዳሴያችንን ቅዳሜ ያደረግነው
ለዚህ ነው። እግዜር ያውቃል፤ የፈረቃ ሰዎች ነን።

ቤቱ ከእኛ በፊት ሌላ ፊደል ያውቅ ነበር።
በደጁ ጉበን ላይ የተቀረጸውን ዐረብኛ ጨውና ዝናብ ልሶት፣
የቀረችው «ዕውቀት» የምትል ቃል ናት፤ እሷም አንድ ነጥብ ጎድሏት።
መምህር እስክንድር የሚሉት፣ አርጩሜ ከእጁ የማይለይ ሰው
ለዓሣ አጥማጅ ልጆች ነው አሉ ያሠራው።
ኋላ ጦርነት መጣ፤ ልጆቹ ባንድ ሳምንት ጀልባ ላይ ወጡ፤
እንደ ዮናስ አይደለም፤ ከእግዜር ፊት አልሸሹም፣ ከሰው ነው ያመለጡ።
ቀጥሎ ከቡልጋሪያ የመጡ ልጆች በዕብራይስጥ ቆጠሩበት፤
ቀጥሎ ነጋዴ የብርቱካን ሣጥን ደረደረበት፤
ቀጥሎ አይጥ።
ቀጥሎ እኛ።

ጥቁር ሰሌዳው አልነቀል ቢለን መጋረጃ ጣልንበት፤
ሥዕለ ማርያምን ከፊቱ ሰቀልንበት።
ቁጥር በተጻፈበት የቦርሳ ማንጠልጠያ
ዛሬ የጽዳት ቱታ ይንጠለጠላል፤ አሥራ ዘጠኝ የእኔ ነው።
በሕፃን ወንበር ተቀምጣ፣ ጉልበቷ አገጯን እየነካት፣
«ወንበሩም ትሕትና ያስተምራል» ትላለች እትዬ አጸደ።

ባለፈው ፍልሰታ፣ አንዲት አሮጊት፣ ዊዳድ ትባላለች፣
የልጅ ልጇ በመኪና ከራምላ አድርሷት መጣች።
ማንንም ሳትጠይቅ፣ ወለሉን በምርኩዟ እየለካች፣
ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄደች።
«እዚህ ነው ያንበረከከኝ» አለችኝ፣ የዐረብኛ ለዛ ባለው ዕብራይስጥ፤
«ሰባት ጊዜ ስምንት ጠፍቶኝ፣ ደወል እስኪደወል።»

ይህን ስትል ዲያቆኑ «ስግዱ» አለ።
ቤቱ ሙሉ ወደቀ፤
ግንባራችን ሲሚንቶውን ነካ።
እሷ ብቻ ቆማ ቀረች።
«እኔ የድርሻዬን ተንበርክኬአለሁ» አለች።

ስሸኛት፣ ደጁ ላይ፣ «ለመሆኑ መልሱ ስንት ነው?» አልኋት።
ሳቀች፤ «አሁንማ ማን ይገርፈኛል» ብላ
መኪናው ውስጥ ገባች።

ማታ ስጠርግ፣ በጣቴ ቆጥሬ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ፣
ከሰሌዳው ግርጌ ስባሪ ጠመኔ አንሥቼ፣
መጋረጃው በማይደርስባት ስንዝር ላይ ጻፍሁ፤
፶፮።
ቀሲስ መርዓዊ በሳምንቱ አይተዋታል።
እስካሁን አልጠፋችም።