የታችኛው ታፖ

ከሳቢያን ወዲህ፣ ክር ፋብሪካው ጓሮ፣
ሦስት ቀን ሆነው ቦይለሩ ታስሮ።
ሆዱ በርዷል እንጂ ድሬ መች በረደ፣
ከቆርቆሮው በታች አየሩ ነደደ።

ጥፋቱ አንድ ታፖ፣ ከጡጫ የሚያንስ፣
ከሆዱ በታች፣ ዓይን ከማይደርስ፣
በሁለት ቱቦዎች መሀል ተሸጉጦ፣
የስንቱን ዓመት ደለል፣ የስንቱን ዝገት ውጦ፣
አልፈታም ያለ።
          ኪያቤ አስገብተን፣
በኪያቤው ጭራ ሁለት ሜትር ቱቦ ሰክተን፣
ሦስት ሆነን ሳብነው። እሱ ግን ምን ገዶት፣
ራሱ ተላጠ፤ አራቱንም ማዕዘን ኪያቤው በላበት።
ናፍጣ አጠጣነው፣ ሲጠጣ አደረ፤
ሲነጋ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ከረረ።
በመዶሻ ቢሉት፣ በስካርፔሎ ቢሉት፣
ደቻቱ አሸዋ ላይ ደረሰ ጩኸት።

ኢንጂነር ሚልኪያስ ሰዓቱን እያየ፣
«በጋዝ ይቆረጣል፤ እስካሁንም ዘገየ።»
ቢቆረጥ ጥርሱም አብሮ ሊወሰድ፣
ጥርስ ያጣ ቦይለር ወደ ቆራሌ ሊሄድ።

ያኔ ነው ሮብሌን ያስጠሩት ከቤቱ፤
ከዚሁ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ስድስተኛ ዓመቱ።
ሽርጡን እንዳገለደመ መጣ በባጃጅ፣
ግራ ዓይኑ ላይ ሞራ፣ መንቀጥቀጥ የጀመረ እጅ።
ኪያቤ አላነሳም። ጎንበስ ብሎ በሳንቲም መታው፣
እንደ ጎረቤት በር አንኳኳና ሰማው።

«ማነው የገረፈው? ብረት መች በዱላ ይናዘዛል?
በቁጣ ሲጨብጡት በቁጣ ይይዛል።»

የቶፊቅን ክንድ አየ፣ የገረመውን ትከሻ፣
እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ በመጨረሻ።
«አንቺ ቀጭን ክንድ፣ ወዲህ ነይ» አለኝ።
ነቢሃ እባላለሁ። እስከዚያ ቀን
ሻይ አምጪ፣ ቡሎን ልቀሚ ነበር የሚሉኝ።

የቦርሳዬን መስታወት በሽቦ ሦስት ዙር አሰረልኝ፤
በጀርባዬ ገባሁ፣ ሲሚንቶው ፈጀኝ።
ቅንድቤን የማይበት ያ ትንሽ ክብ ውስጥ
አንድ ዝገታም ፊት እኔው ላይ ሲያፈጥጥ!
መስታወት ግራን ቀኝ፣ ቀኝን ግራ ያደርጋል፤
«ዓይንሽን ተይው» አለ ሮብሌ፣ «እጅሽ ያውቃል።»
ሁለት ጎን በሞረድ አወጣሁለት፣
ኪያቤ እንዲነክሰው፣ አንድ ሙሉ ሰዓት።

ቶፊቅ ከወዲያ ማዶ እሳቱን አቀበለ፤
«ታፖውን አይደለም፣ ቤቱን አግል» አለ፤
«ቤቱ ሲሰፋ ነው እንግዳ የሚወጣ።»
ከኪሱ መብራት ሲጠፋ የሚያበራትን የሻማ ቁራጭ አወጣ።
ሰሙን አስነካሁት። ጨሰና ቀለጠ፣
እንደ ወሬ ሾልኮ በጥርሱ መሀል ሰመጠ።

ኪያቤዬን ይዤ ወደ ግራ ልል ስል፣
«አይደለም። መጀመሪያ አጥብቂው፤ በፀጉር ያህል።»
ሦስት ቀን ሊፈታ የለመንነውን ነገር
ማጥበቅ? ከኋላ አንዱ ሳቀ። እኔ ግን ልሞክር።

አጠበቅሁት።
          ቀጭ አለ።
በአጥንቴ የመጣ እንጂ በጆሮዬ አልነበረም።
«ሰማሽ?» አለኝ ከላይ። እንዴት ሰማ እሱ?
«አሁን መልሺው። ቀስ። እንዳይሰበር ጥርሱ።»

ሩብ ዙር። ሰም። ግማሽ። መለስ። ደግሞ ሩብ።
ላብ ዓይኔን ቢያሳውረው፣ ለካ ጣትም አለው ልብ።

የስምንት ሰዓት ፈረቃ በበሩ ሲገባ
ታፖው ጓንቴ ላይ ወደቀ፤ ከኋላው ዝገታም ውሃ
ደረቴ ላይ ደረበልኝ ካባ።
ሌላው ሁሉ ጮኸ፣ አጨበጨበ። ሮብሌ ግን ተቀብሎ
ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠጋው፣ አየው አስተውሎ።
በጥርሱ መሀል ቃጫ አለ፣ በቀይ ቀለም የተነከረ፣
ሦስት ዙር ተጠምጥሞ የተቋጠረ።
ያን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤
ጠዋት መስታወቴ ላይ አይቼዋለሁ።

ምንም አላልኩም። እሱም ታፖውን በሽርጡ ጠረገው፣
«ወጣት ነበር» አለ፣ «ያጠበቀው ሰው።
ጉልበት የበዛበት።» ኪሱ ከተተው።

አዲሱን ስገጥም አጠገቤ ተቀመጠ።
በእጄ ሄድኩ እስኪቆም። ኪያቤ ሳነሳ ጣቱን ቀሰረ፦
«ሩብ ዙር። ከዚያ ተይው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ
እዚሁ ትተኛለች፣ በጀርባዋ፣ አንቺን የማታውቅ ሌላ።»

ሩብ ዙር ሰጠሁት።
እጄ ግን አሁንም
ጨምሪ፣ ጨምሪ ይለኛል።