ጃንጥላ ያዡ

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ዘንግ ይዤ፣
ከአሚሩ ኋላ እንደ ግንብ ፈዝዤ፣
አሽከረክራለሁ ቀይ ሐሩን በፀሐይ፤
ማንም ጋምቦን አያይ፣ ጋምቦ ሁሉን ሲያይ።

ጁምዓ ነበር ያን ቀን። ሶላት ተሰግዶ፣
ሕዝቡ ከግንቡ ሥር እንደ ጎርፍ ወርዶ፣
ረጅሙ መለከት ሦስቴ ጮኸና፣
አሚር ኢልያሱ አፉን ከፈተና፦
«ከዛሬ ጀምሮ፣ በከተማዬ ላይ፣
ጠላ የሚጠምቅ፣ ቁማርተኛ እንዳላይ፤
የሌሊት ከበሮ ይብቃ። ባዕድ ከባዕድ
ወንድና ሴት ሆኖ ባንድ ሞተር አይሂድ።
ለሒስባ ዘቦች መኪና ሰጠሁ፣ ዱላ ጨመርኩ፣
ደመወዛቸውንም ከግምጃ ቤቴ ቆረጥኩ፤
እነሱን የነካ ጥምጣሜን ደፈረ!»
ሲጨርስ፣ ተክቢሩ ሰማይ ሰበረ።

አስመሳይ አይደለም፤ እመሰክራለሁ፤
ሌሊት ሲያነባ ከደጁ ሰምቻለሁ።
ከድልድዩ በታች፣ የሳል ሽሮፕ ጠጥቶ
የበርበሬ ሻጯ ልጅ ሲገኝ ሞቶ፣
መቃብሩ ዳር ቆሞ፣ ሲያወራ ለብቻው፦
«ነገ ጌታ ሲጠይቀኝ መልሴ ምንድን ነው?»
ያ አዋጅ ከዚህ ወጣ፣ ከደግ ሰው ፍርሃት።
እኔም ወደድኩለት።
ጌታዬ ጠላን ጠላ፤ አብሬው ጠላሁ።
ጥላ ያዥ ያለ ጌታው ወዴት ይጠጋል እላለሁ?

መጀመሪያ ጠርሙስ ሰበሩ፤ አጨበጨብን።
ቀጥሎ ላንታናን፣ ባል የሞተባትን፣
በሰርግ ጓዳ፣ ከሴቶች መሐል፣
ውሃ ላይ ደፍታ የምትመታውን ቅል
ረገጡባት። ስብርባሪው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።
እኔ በዚያ ቅል ምት ልጅነቴ ያለፈ፣
በናቷም ዘመን እንደ እንቦሳ የዘለልኩ
ሰው ነኝ፤ ግን ዝም አልኩ።

ከዚያ አንድ ሰው ግንብ ላይ መሰላል ደገፈ።
ቤቱ በር ነበረው። ሒስባ በግንብ አለፈ።

ከዚያ በሐርማታን፣ ጨረቃ ባቧራ ታፍና፣
ታላቱን ምጥ ያዛት። ባሏ ከኛ ጋር ነበረና፣
የአሚሩን ፈረስ ልጓም የሚይዝ፣
ጎረቤቷ ጂብሪሉ በሞተሩ ይዟት ሲጓዝ፣
ከገበያው ማዞሪያ ዘቦች አስቆሟቸው።
«ምኗ ነህ?» «ጎረቤት።» «ሌላስ?» «ይኸው ነው።»
«ውረጂ!»
ወረደች።
«አለቃ ይምጣ» ብለው ስልክ አንስተው ጠሩ፣
ማላም ሹዓይቡ እስኪደርስ ሰዓት ቆጠሩ።
ከኒም ዛፍ ሥር ወለደች። ልጁ አላለቀሰም።
ከዘቦቹ አንዱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት፣ ካፖርቱን አውልቆ
ሸፈናት። አለቀሰም፤ ከጓዶቹ ተደብቆ።

ሙዳሲሩ በማግስቱ ከችሎት ገባ። ቃል አልወጣውም።
ልጓሙን ከምንጣፉ ላይ አኖረ፤ አልተቀመጠም።
ሄደ።
አሚሩ ልጓሙን አየ። ብዙ ቆየ እያየ።
«ሕጉ የአላህ ነው» አለ ማላም ሹዓይቡ፣ ፈገግታው እየታየ።
«ሕጉ፣ አዎ» አለ ጌታዬ፤ «ዱላው ግን የማን ነው?»
መልሱን ያውቅ ነበር። በሱ ገንዘብ ነው የተገዛው።

አዋጁ አልተሻረም። ማዞሪያው ላይ ዛሬም ይቆማሉ፤
«ምጥ የያዛት ትለፍ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል አሉ።

ያን ሌሊት፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አንዴ፣ ዞሮ ጠየቀኝ፦
«ጋምቦ፣ ከኋላዬ ሆነህ ምን ታያለህ? ንገረኝ።»
ቅሉ ነበረ ምላሴ ላይ፣ መሰላሉ፣ ኒሙ።
«ጀርባዎን ነው፣ ጌታዬ» አልኩት። ቀዘቀዘ ደሙ፤
የሱ ነው የኔ፣ አላወቅኩም።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ከበሩ ሳንወጣ፣
«እጠፈው» አለኝ። ፀሐዩ ባናት እየመጣ፣
ያለ ጥላ ሄደ እስከ መስጊዱ፤
ላብ በጥምጣሙ ሥር፣ ዝም ብሎ መንገዱ።
ሕዝቡ ትሕትና መሰለው። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅ።
ከኋላ ከኋላው ሄድኩ፣ እጄ በዘንጉ ሲጨነቅ፤
አንዲት ሕፃን አይታኝ ከናቷ ቀሚስ ተሸሸገች።
ጃንጥላ ሲታጠፍ ከሩቅ ዱላ ይመስላል፤
ልጅቱ አልተሳሳተች።